ጠመንጃውን አንግሦ ሠሪውን መርገም

ፋብሪካ ተዘጋ ሲባል የሚያጨበጭብ ሰው ያየሁት በጠመንጃ ባለቤቶች መካከል ብቻ ነው። የጫማ ፋብሪካ ሲዘጋ ይታዘናል። የመኪና ፋብሪካ ሲዘጋ ሀገር ይጮኻል። የጠመንጃ ፋብሪካ ከኒው ዮርክ ወይም ከኮኔቲከት ተነቅሎ ወደ ደቡብ ሲወርድ ግን «ደግ አደረጉ! ነፃነት ወዳለበት ሄዱ!» ይባላል። ሬሚንግተን ከ1828 ጀምሮ ተተክሎ የኖረባትን ኢልየን የምትባል የኒው ዮርክ ከተማ በመጋቢት 2024 ለቆ ወደ ጆርጂያ ሲጠቃለል የሰማሁት ይኸንኑ ነው (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በተኩስ ሜዳ ሰማሁት። አብረውኝ አጋዘን ከሚያድኑ ሰዎች ሰማሁት። ቨርጂኒያ ውስጥ ሐበሻ በሚሰበሰብበት ቡና ቤትም ሰማሁት፤ በአማርኛ፣ በሙሉ ልብ።

አልስማማም። ብቻዬን ከሆንኩም ብቻዬን ልሁን።

እነዚሁ ሰዎች ናቸው እኮ አሮጌ ማርሊን ሲያገኙ ጠመንጃውን ወደ ብርሃን አዙረው አፈሙዙ ሥር «ጄኤም» የሚሉ ሁለት ፊደላት ተመትተውበት እንደሆነ የሚፈልጉት። ፊደላቱ ካሉ ዓይናቸው ይበራል፤ ዋጋው ሽቅብ ይወጣል። ከሌሉ ፊታቸው ይጨማደዳል፤ «ይኼማ የሬሚንግተን ነው» ብለው ወደ መደርደሪያው ይመልሱታል። እሺ፣ ያ ምልክት የማን ነው? ጆን ማህሎን ማርሊን በ1870 ኒው ሄቨን፣ ኮኔቲከት ውስጥ ያቋቋመው ፋብሪካ ነው። በኋላ ወደ ጎረቤቷ ኖርዝ ሄቨን ተሻገረ እንጂ ከኮኔቲከት አልወጣም። እንግዲህ የምትሳለሙት ጠመንጃ ግብሩ ከበዛበት፣ ደመወዙ ከተወደደበት፣ «የጠመንጃ ጠላት» ብላችሁ ከምትረግሙት ግዛት ሠራተኛ እጅ የወጣ ነው። እጁን ረግማችሁ የእጁን ሥራ ትሳለማላችሁ? ይኼ ምን የሚሉት እምነት ነው?

እኔም ጠመንጃ አለኝ። ያውም ከእነዚያ ከኮኔቲከቶቹ አንዱ፣ ማርሊን 336። በ1948 ለገበያ የወጣ፣ «ሠላሳ ሠላሳ» የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ የአጋዘን ጠመንጃ ነው። ከምላጩ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት የተተኮሰውን ቀለህ ይተፋል፣ አዲሱን ያጎርሳል። ብረቱና እንጨቱ በተጋጠሙበት ቦታ ጥፍር አይገባም። የገጠመው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሰው እንደነበር ግን አውቃለሁ። ሞረድ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን አጥብቦ የሠራ ሰው ነው። በዚያ ሰው መባረር ደስ ያለው ሁሉ ፊቴ ሲቆም ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው።

ነገሩን እንደሆነው ላስታውሳችሁ። ሰርበረስ የተባለው የኒው ዮርክ የገንዘብ ድርጅት በ2007 ሬሚንግተንን ገዛ። ዓመቱ ሳያልቅ ሬሚንግተን በተራው ማርሊንን ሊገዛ ተስማማ። በመጋቢት 2010 የኖርዝ ሄቨን ፋብሪካ ሊዘጋ ነው ተባለ። 265 ሠራተኞች ነበሩበት። በ2011 በሩ ተቆለፈ፤ ሥራው ወደ ኢልየን ተዛወረ። ማሽኖች ተጫኑ። ወረቀቶች ተጫኑ። ሰዎቹስ? ሰዎቹ እዚያው ቀሩ።

ያን ጊዜ ነው ጉዱ የፈላው። ማሽኖቹ በዕድሜ የላሉ ነበሩ። የንድፍ ወረቀቶቹም በተግባር ከሚሠራው ጠመንጃ ጋር መስማማት ካቆሙ ቆይተዋል። ታዲያ ኖርዝ ሄቨን ላይ እንዴት ይሠራ ነበር? በሰው ነዋ! ይኼ ቶርኖ ትንሽ ወደ ግራ ይስባል፣ መልስለት። ይኼ ብረት ወረቀቱ ከሚለው ጥቂት ይበልጥ ይሞረድ፣ አለዚያ ጥይቱ ሲጎርስ ይያዛል። እንዲህ ያለው ዕውቀት በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም። ሃያና ሠላሳ ዓመት እዚያው ማሽን ላይ የቆመ ሰው ጣት ውስጥ ነበር። ጣቱን አሰናብተው ብረቱን ጫኑ። ወንበር ላይ የተቀመጠው የሒሳብ ሰው ማሽን ሲገዛ ሙያውንም አብሮ የገዛ መስሎት ነበር።

ከዚያ የወጡትን ጠመንጃዎች የገዛ ያውቃቸዋል። ማነጣጠሪያቸው የተንጋደደ። እንጨታቸው ከብረቱ ያልተጋጠመ። እጀታቸው ሲሳብ አሸዋ የገባበት የሚመስል። ጥይት አጉርሶ አጋማሽ ላይ ቀጥ የሚል። ባለቤቶቹ ጮኹ። «ሬምሊን» የሚል ስም አወጡላቸው። መጮኻቸው ትክክል ነበር። የደከመበትን ገንዘብ ከፍሎ ጠማማ ማነጣጠሪያ የተቀበለ ሰው የመጮኽ መብት አለው። እስከዚህ ድረስ አብሬያችሁ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ነው የምንለያየው። ጩኸቱ በማን ላይ ወረደ? ማርሊንን በገዙት ላይ? ሠራተኛውን በበተኑት ላይ? አይደለም። በኢልየን ሰዎች ላይ! «የኒው ዮርክ ሰነፎች!» «የሠራተኛ ማኅበር ያበላሻቸው!» «ማርሊን መሥራት የት ያውቃሉ!» እርግጥ ነው፣ ማርሊን ሠርተው አያውቁም ነበር። ማን አስተማራቸው? ያረጀ ማሽን ሰጧቸው። የማይገጥም ወረቀት ሰጧቸው። አስተማሪዎቹን ኮኔቲከት ላይ አባረሩባቸው። ከዚያ «ፍጠኑ፣ ገበያው ይጠብቃል» አሏቸው። ፋብሪካውን ያቆሙትን ትቶ ፋብሪካው ውስጥ የቆሙትን መውቀጥ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

ደግሞ ይኼን የሚሉት ሰዎች ራሳቸው ሌላ ነገር ይናገራሉ። «ኋላ ኋላ የወጡት የኢልየን ማርሊኖች ተሻሽለዋል» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ተሻሽለዋል። ማን አሻሻላቸው? አዲስ ማሽን ሲገባ፣ ንድፉ ሲስተካከል፣ ጊዜ ሲሰጣቸው ያሻሻሉት እነዚያው «ሰነፎች» ናቸው። ያው መንደር፣ ያው ማኅበር፣ ያው እጅ። ታዲያ ስድቡን ያነሳላቸው አለ? አንድም ሰው አልሰማሁም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በዚህ ነገር ከማንም በላይ ማፈር ይገባናል። ማረሻውን፣ ጦሩን፣ ጎራዴውን እየተቀበልን ቀጥቃጩን «ቡዳ» ስንል የኖርን ሰዎች ነን። በሠራልን ማረሻ አርሰን በላን፤ ከእሱ ጋር ግን በአንድ ማዕድ አልቀረብንም፤ ልጃችንን አልዳርንለትም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ ኖረ። ዋጋውንም ከፍለናል። ብረት የሚያውቀውን ናቅን፤ መድፍና ጠመንጃ ስንፈልግ የባሕር ማዶ ደጅ ጠናን። ይኼን ታሪክ እያወቀ አሜሪካ መጥቶ የኢልየንን ብረት ሠራተኛ የሚሳደብ ሐበሻ ምን ይባላል? እኔ ስም አላወጣለትም። ራሱ ያውጣለት።

ያውም ኢልየን ለእኛ እንግዳ ስም መሆን አልነበረበትም። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ሲመቱ ከተማረከው መሣሪያ ውስጥ ሬሚንግተን ነበረበት። የግብፅ ጦር ያን ጠመንጃ ያዘዘው ከዚያችው ከተማ ነው። የአያቶቻችን ትከሻ ያንን ሰደፍ ያውቀዋል። የሠሪዎቹን የልጅ ልጆች ከሥራ ሲያባርሯቸው «ደግ ተደረጉ» ማለት የሚያስቸኩለን ምንድን ነው?

ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ ማንም ደፍሮ የማይነካው እሱ ነውና። ሬሚንግተን በሰርበረስ እጅ ከገባ በኋላ ዕዳ በዕዳ ላይ ተቆለለበት። በመጋቢት 2018 ኪሳራ አወጀ፤ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ከላዩ ይነሳለት ዘንድ። ባለዕዳነቱ አልለቀቀውም፤ በሐምሌ 2020 ሁለተኛ ኪሳራ አወጀ። ኩባንያው እንደ ቅርጫ ሥጋ ተመድቦ ተሸጠ። ጥይቱ ለአንዱ፣ ማርሊን ለሌላው፣ የሬሚንግተን ጠመንጃ ራሱ በ13 ሚሊዮን ዶላር ለሦስተኛው። በዚያው ዓመት ጥቅምት የኢልየን 585 ሠራተኞች ተሰናበቱ። የስንብት ክፍያና የተጠራቀመ የዕረፍት ገንዘባቸው ሳይከፈላቸው! ሚሊዮን የተበደሩት ሰዎች አንዳቸውም ቶርኖ ፊት ቆመው አያውቁም። ኪሳራውን ግን ተሸካሚው ቶርኖ ፊት የቆመው ሆነ። እናንተስ ምን አላችሁ? «ማኅበሩ ነው ያከሰራቸው» አላችሁ። ማኅበሩ ነው ያንን ሁሉ ዕዳ የተበደረው?

አሁን ትልቁ ክርክር ይምጣ፤ አልሸሸውም። «ኒው ዮርክ ሕግ አውጥታ አባረረቻቸው» ይባላል። ሕጉ እውነት ነው። ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት እልቂት በኋላ፣ በጥር 2013፣ ኒው ዮርክ ጠበቅ ያለ የጠመንጃ ሕግ አወጣች። ያን ቀን ሕፃናቱ የተገደሉበት ጠመንጃ ቡሽማስተር ነበር፤ የዚሁ የሬሚንግተን ቤተሰብ ምርት። ሕጉን መውደድም መጥላትም ይቻላል፤ እኔ ራሴ የማልስማማበት አንቀጽ አለው። ግን ፋብሪካው ሕጉ ከወጣ በኋላ፣ በኪሳራው ተዘግቶ ከከረመበት ጊዜ በቀር፣ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። የኢልየን ዋና ሥራ የነበሩት የአደን ጠመንጃው 700 እና ባለ ብትን ጥይቱ 870 በዚያ ሕግ አልተከለከሉም። ታዲያ ከምን ሸሹ?

ቆይ፣ ሌላም አለ። ሕግ ነው ያባረራቸው ካላችሁ ይኼን መልሱልኝ። ቡሽማስተር ቀድሞ የት ነበር? ዊንደም፣ ሜይን። ሜይን ለጠመንጃ ባለቤት ምን ያህል የተመቸች ግዛት እንደሆነች ታውቃላችሁ። በ2011 ያንን ፋብሪካ ዘግተው ሥራውን ወዴት ወሰዱት? ወደ ኒው ዮርክ! ወደ ኢልየን! ነፃነትን ፍለጋ ከሜይን ወደ ኒው ዮርክ የሚሄድ ማነው? ሞንታና ካሊስፔል የነበረውን የአፈሙዝ ሥራቸውንስ ለምን ዘጉ? ሞንታና ጠመንጃ ትጠላለች? ኖርዝ ካሮላይና ፓይንቪል የነበረውንስ? ጆርጂያ ሎረንስቪል የነበረውንስ? እነዚህን ጠቅልለው ሀንትስቪል፣ አላባማ ሊያስገቧቸው የተነሡት በ2014 ነው። አላባማ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር የሕዝብ ገንዘብ በማበረታቻ ስም ዘርግታላቸው ነበር፤ እነሱም ወደ 2,000 ሰው እንቀጥራለን ብለው ቃል ገቡ። አልደረሱበትም። አጠገቡም አልደረሱም። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ከስድስት ዓመት በኋላ ኪሳራው ሁሉንም በላው።

በ2014 የጆርጂያ ሥራውን ነቅሎ ወደ አላባማ የወሰደ ስም በ2021 ወደ ጆርጂያ እመለሳለሁ አለ። ባለቤቱ ተቀይሯል፤ እሱን አልክድም። የተቀየረው ባለቤት የተናገረው ነገር ግን ያው ነው፤ ጠመንጃ ወደምትወደው ግዛት እንሄዳለን። እናንተም ያንኑ ጭብጨባ አጨበጨባችሁ።

ስለ ዊንደም የጀመርኩትን ልጨርስ፤ ልቤን የሚያሞቀው እሱ ነውና። ቡሽማስተርን ከዓመታት በፊት የሸጠው ሪቻርድ ዳይክ ፋብሪካው ሲዘጋ ዝም ብሎ አላየም። የተባረሩትን ሠራተኞች ሰብስቦ፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ዊንደም ዌፐንሪ የሚባል አዲስ ፋብሪካ ከፈተ። የቀድሞዎቹን እጆች እንደገና ሥራ ላይ አዋለ። ጠመንጃቸው ተወደደ፤ ገዢዎች «እውነተኛው ቡሽማስተር ይኼ ነው» አሉ። ምልክቱ በኢልየን በኩል ሄደ፤ ሙያው ሜይን ቀረ። ያ ፋብሪካ እስከ 2023 ኖሯል። ሠራተኛውን ይዞ የቀረ ሰው አሥር ዓመት አልፎ ሠራ፤ ስሙን ይዞ የሄደው ሁለት ጊዜ ከሰረ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

«ሰሜን ያለው ጥሩ ነበር፣ ደቡብ የሄደው ተበላሸ» የምትሉትም ሰዎች አላችሁ፤ እናንተንም አልምራችሁም። ዊንቸስተር 70 የሚባለውን የአደን ጠመንጃ ተመልከቱ። «ከ64 በፊት» የሚባለው እስከ ዛሬ እንደ ወርቅ ይፈለጋል። በ1964 ፋብሪካው ወዴት ሄደ? የትም! ከኒው ሄቨን ንቅንቅ አላለም። ያው ሕንፃ ነው፣ ያው ሠራተኛ ነው። የሒሳብ ሰዎች «ይረክስ» አሉ። ቀለሁን ጨብጦ የሚያወጣው ጠንካራ ጥፍር ቀረ። በእጅ ይቀረጽ የነበረው የሰደፉ መጨበጫ በሙቀት ተጭኖ መታተም ጀመረ። ጠመንጃው ተዋረደ፣ ገዢው ሸሸ። በኋላ፣ በ2006 ኒው ሄቨን ተዘግቶ ያው ጠመንጃ በሳውዝ ካሮላይና ኮሎምቢያ ሲሠራ፣ በጥንቃቄ ስለተሠራ፣ ብዙ ባለቤቶች ከአሮጌው አያንስም አሉ። ጨፍልቀው ሲያሠሩት ያው ሰሜናዊ እጅ አበላሸው፤ ጊዜ ሰጥተው ሲያሠሩት ደቡባዊ እጅ አሳመረው። ታዲያ ለምን አሁንም ካርታ ታያላችሁ? ያዘዘውን ሰው ለምን አታዩም?

ማርሊንም እንዲሁ ነው። ሩገር የተባለው ጠመንጃ ሠሪ ኩባንያ በ2020 ከሬሚንግተን የኪሳራ ጨረታ ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ ገዛው። ሥራውን ወደ ሜዮዳን፣ ኖርዝ ካሮላይና ወሰደው። እንደ ሬሚንግተን ማሽን ተክሎ በማግስቱ ሽያጭ አልጀመረም። ንድፉን ከመጀመሪያው አየ፤ አፈሙዙን በራሱ ዘዴ፣ ብረቱን ሳያግል ቀጥቅጦ ማውጣት ያዘ። የመጀመሪያው የሩገር ማርሊን፣ 1895 የተባለው ጠመንጃ፣ ገበያ የወጣው በ2021 መጨረሻ ነው። ገዢው ከዓመት በላይ ጠበቀ፤ ሲመጣም «ማርሊን ተመለሰ» አለ። ሜዮዳን ላይ የሠራተኛ ማኅበር የለም፤ ይኼን ሰምታችሁ «አየህ!» ልትሉኝ ነው። እኔ ማኅበር ብቻውን ጠመንጃ ያሳምራል መቼ አልኩ? ጊዜና አክብሮት ነው ያልኩት። ሩገር ለሥራው ጊዜ ሰጠው። ኢልየን ላይ ያንን ጊዜ ማን ከለከለ? ማኅበሩ?

ሠሪውን አለመስማት ደግሞ ማነጣጠሪያ በማጣመም አያበቃም። ሬሚንግተን 700ን ያዙ፤ በአሜሪካ ከሁሉ በላይ ከተሸጡት የአደን ጠመንጃዎች አንዱ ነው። ምላጩን የነደፈው የኩባንያው መሐንዲስ ማይክ ዎከር ነው። ዎከር ራሱ በ1940ዎቹ፣ 700 ገበያ ከመውጣቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ ምላጩን ይበልጥ አስተማማኝ የሚያደርግ ማሻሻያ ለኩባንያው አቅርቦ ነበር። ለእያንዳንዱ ጠመንጃ የሚጨምረው ወጪ ሳንቲሞች ነበር። አልተቀበሉትም። ከዚያ በኋላ «ምላጩን ሳልነካው ተኮሰ» የሚል ክስ ለአሥርት ዓመታት ዘነበ። ልጃቸውን የቀበሩ ወላጆች ፍርድ ቤት ቆሙ። ኩባንያው ምላጩ ደህና ነው እያለ ተከራከረ፤ በመጨረሻ በ2014 በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ጠመንጃዎች ምላጭ ሊቀይር ተስማማ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ብዙ ባለቤቶች ለማን ጠበቃ ቆሙ? ለወላጆቹ? ለመሐንዲሱ? ለስሙ ቆሙ! «አያያዝ የማያውቅ ነው የሚከሳቸው» አሉ። ስሙን ያመለከ ሰው፣ ስሙ በጨረታ ሲሸጥ እንኳ፣ ዝም ብሎ ስሙን ተከትሎ ይሄዳል።

ብዙዎቻችሁ ይኼን ታውቃላችሁ። ተኩስ ሜዳ ላይ አጠገቤ ቆማችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ «እውነትህን እኮ ነው» ብላችሁኛል። ለምን ዝቅ አደረጋችሁት? ስለ ሠራተኛ መብት የተናገረ ሁሉ የጠመንጃ ጠላት ተብሎ ስለሚፈረጅ ነው። ማነው ያስተማራችሁ ጠመንጃ የሚወድ ሰው ሠራተኛ መውደድ አይችልም ብሎ? ይኼን ፍርሃት የተከሉባችሁ ዕዳውን የተበደሩት ሰዎች ናቸው። ይጠቅማቸዋላ። እናንተ ስለ ሕገ መንግሥት ስትጮኹ ማንም የደመወዙን ወረቀት አይገልጥም። እናንተ ባንዲራ ስታውለበልቡ ማንም የማበረታቻውን ገንዘብ አይቆጥርም። በመጨረሻም የምትጎዱት እናንተው ናችሁ፤ ሱቅ ገብታችሁ የወር ደመወዛችሁን ከፍላችሁ የተንጋደደ ማነጣጠሪያ ይዛችሁ የምትወጡት እናንተ ናችሁ።

ኢልየን ከ8,000 ሰው በታች የሚኖርባት ከተማ ናት። አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ በአንድ በር ገብተው የሠሩባት። በኅዳር 2023 መጨረሻ ደብዳቤ መጣላቸው፤ ፋብሪካው ይዘጋል የሚል። ወደ 270 ሰዎች ነበሩ የቀሩት። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን ላግሬንጅ፣ ጆርጂያ ወስደው አስተማሪ አደረጉት? ይኼን የጠየቀ የጠመንጃ ባለቤት ማነው? የ700ን አፈሙዝ ከጀርባው ብረት ጋር ሲያጋጥም የኖረ ሰው ዛሬ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀስ? ከአምስት ዓመት በኋላ ጠመንጃው ሲበላሽ ግን የላግሬንጅን ሠራተኛ ልትሰድቡ ነው። «የጆርጂያ ገበሬ ብረት የት ያውቃል!» ልትሉ ነው። ከአሁኑ እሰማዋለሁ።

የላግሬንጅን ሰዎች አልወቅስም። ሥራ መጣልን ብለው የተደሰቱ ሰዎች ናቸው፤ ደስ ይበላቸው። ጥያቄዬ ለጠመንጃ ባለቤቱ ነው። በኅዳር 2021 የተሰጠው ቃል በአደባባይ የተነገረ ነው፤ 100 ሚሊዮን ዶላር ፈሰስ እናደርጋለን፣ በአምስት ዓመት ውስጥ 856 ሰው እንቀጥራለን። አምስቱ ዓመት በ2026 መጨረሻ ይሞላል። በዚያን ጊዜ አዲስ 700 ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ ሰደፉን ከመዳበሳችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁት፦ 856ቱ ተቀጥረዋል? ስንቶቹስ ከኢልየን መጡ? ሻጩ ካላወቀ ኩባንያው ጋር ደውሉና ጠይቁ። ኩባንያው ካልመለሰላችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሳችሁ ውጡ።